ወደ ጨረቃ በ15 ሳንቲም

የአሜሪካው ኮሊየርስ መጽሔት የማርች 22፣ 1952 እትም ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቷል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሽፋኑ ላይ ሮኬት አለ። ሥራውን የጨረሰ ክፍሉን ከኋላው ጥሎ፣ እሳት እየተፋ ወደ ላይ ይመነጠቃል። ከሥሩ ምድር ትታያለች፤ ከላይ ጥቁር ሰማይ ነው። የሰው ልጅ በቅርቡ ጠፈርን ድል እንደሚያደርግ በትልልቅ ፊደላት ተጽፏል። ዋጋው 15 ሳንቲም።

ያኔ ጠፈርን የረገጠ ሰው የለም። በምድር ዙሪያ የሚዞር አንድም ሰው ሠራሽ ሳተላይት የለም። ኮሊየርስ ደግሞ የሳይንስ መጽሔት አልነበረም። አጫጭር ልቦለድ፣ ፖለቲካ፣ ስፖርትና የማቀዝቀዣ ማስታወቂያ ጎን ለጎን የሚያወጣ፣ ከ3 ሚሊዮን በላይ ቅጂ የሚሸጥ የቤተሰብ መጽሔት ነው። ያ መጽሔት ነው እንግዲህ ስለ ጨረቃ ጉዞ በሙሉ ልቡ የጻፈው።

ይህን እትም የፈለግሁት ካሊፎርኒያ፣ አናሃይም ከተማ ባለው የመዝናኛ ፓርክ በዲዝኒላንድ ምክንያት ነው። ፓርኩ በ1955 ሲከፈት «ሮኬት ወደ ጨረቃ» የሚባል መዝናኛ ነበረው። ዛሬ የለም። ስለሱ የተጻፈ አሮጌ ነገር ባገኘሁ ቁጥር አነባለሁ። አንዱ ወደ ሌላው ሲመራኝ መጨረሻው ሁልጊዜ እዚህ መጽሔት ላይ ሆነ። ብዙ ጊዜ የምናስበው መጀመሪያ መዝናኛው ይሠራል፣ ከዚያ ጋዜጠኛ መጥቶ ይዘግበዋል ብለን ነው። እዚህ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። መጽሔቱ ቀደመ። አናሃይም ላይ የተሠራው፣ ሰዎች ከሦስት ዓመት በፊት ሶፋቸው ላይ ተቀምጠው ያነበቡት ነገር ነው። ሁለቱን አስተያይቼ ስመዝን ደግሞ ትልቁ ጉዞ የወረቀቱ ጉዞ ይመስለኛል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ታሪኩ የሚጀምረው ኒው ዮርክ ነው። ኦክቶበር 12፣ 1951 ቪሊ ሌይ የሚባል ጀርመን ተወላጅ የሳይንስ ጸሐፊ ሃይደን ፕላኔታሪየም ውስጥ ስለ ጠፈር ጉዞ የሚመክር ስብሰባ አዘጋጀ። ከኮሊየርስ ሰዎች የሄዱ ነበሩ። ስሜታቸው ተነክቶ ተመለሱ። መጽሔቱም በሚቀጥለው ወር ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ውስጥ ለተደረገ ሌላ ስብሰባ ኮርኔሊየስ ራያን የሚባለውን ጋዜጠኛ ላከ። ራያን የጦር ሜዳ ዘጋቢ የነበረ ሰው ነው። በጠፈር ወሬ በቀላሉ የሚታለል አልነበረም። እዚያ ግን የሮኬት ሊቁ ቨርነር ፎን ብራውን፣ የሃርቫርዱ የሥነ ፈለክ ሊቅ ፍሬድ ዊፕልና የፊዚክስ ሊቁ ጆሴፍ ካፕላን አንድ ምሽት ከበው ያዙት። መጠጥም ነበር፣ ጨዋታም ነበር። ሲነጋ ራያን አማኝ ሆኗል። ከዚያ በኋላ መጽሔቱ ስለ ጠፈር በተከታታይ ያወጣውን ዓምድ እንደ አርታኢ የመራው እሱ ነው።

እኔን የሚማርከኝ ያመነበትን ነገር ለአንባቢ እንዴት እንዳቀረበው ነው። «እስቲ አስቡት፣ እንዴት ድንቅ ነው!» እያለ ገጽ አልሞላም። ቁጥር ሰጠ። ሮኬቱ 265 ጫማ ይረዝማል፣ ማለትም ባለ 24 ፎቅ ሕንፃ ያክላል። ክብደቱ 7,000 ቶን ነው። የጠፈር ጣቢያው እንደ ጎማ ክብ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር 250 ጫማ። በ1,075 ማይል ከፍታ ላይ ሆኖ ምድርን በየ2 ሰዓቱ አንዴ ይዞራል። ጎማው በራሱ ዙሪያ ስለሚሽከረከር ውስጡ ያሉት ሰዎች ክብደት ይሰማቸዋል፤ ቆመው ይሄዳሉ። ሥራው 10 ዓመት ይፈጃል፣ 4 ቢሊዮን ዶላር ያስወጣል። አየሩ ከየት ይመጣል? ሰውነት ይህን ሁሉ ይችለዋል ወይ? ለሁሉም መልስ አለ። ኦስካር ሻክተር የሚባል የተባበሩት መንግሥታት የሕግ ባለሙያ ደግሞ ጠፈር የማን ነው የሚለውን ጥያቄ ይዞ ጽፏል። ገና ማንም ላልደረሰበት ቦታ የባለቤትነት ጥያቄ ማንሳት! እኔ ይህን ገጽ በጣም እወደዋለሁ። አንባቢውን ያከብረዋል። አንተ ከግብርህ የምትከፍል ዜጋ ነህ፣ ስለዚህ ዝርዝሩን ማወቅ አለብህ ይለዋል።

ሥዕሎቹ ደግሞ አሉ። ሽፋኑን የሣለው ቼስሊ ቦንስቴል ነው። ቦንስቴል በሙያው የሕንፃ ንድፍ ሰው ነበር። ኒው ዮርክ ላለው ክራይስለር ሕንፃ ሠርቷል፤ ቀጥሎም ለሆሊውድ ፊልሞች የጀርባ ትዕይንት ሣለ። በ1905 በወጣትነቱ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሊክ በሚባለው የሥነ ፈለክ ማዕከል በቴሌስኮፕ ሳተርንን አየ። ቤቱ ገብቶ ሣላት። ያ ሥዕል በዓመቱ ሳን ፍራንሲስኮን ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ ካስነሣው እሳት አልተረፈም። ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ የሣላቸውን የኮሊየርስ ሥዕሎች ስትመለከቱ፣ ፎቶግራፍ አንሺ ቀድሞ ጠፈር ሄዶ የተመለሰ ነው የሚመስለው። ጥላው የሚወድቀው መውደቅ ባለበት አቅጣጫ ነው። ምድር ላይ ያለው ደመና ሳይቀር ትክክለኛ ቦታው ላይ ያለ ይመስላል።

የእኔ ልብ ግን ወደ ሌላው ሠዓሊ ወደ ፍሬድ ፍሪማን ያደላል። ፍሪማን መንኮራኩሩን ሆዱን ሰንጥቆ ነው የሚያሳየው። አንዱ ፎቅ ላይ ሰው መሣሪያ ይቆጣጠራል፣ ሌላው ላይ ይተኛል፣ ከታች ዕቃ ይደረደራል።

ልጅ ሳለሁ አያቴ ቤት የጭቃው ግድግዳ በጋዜጣና በመጽሔት ገጽ የተለበጠ ነበር። ነፋስና አቧራ እንዳያስገባ፣ ቤቱንም እንዲያደምቅ። ከአልጋዬ ራስጌ አንድ የውጭ መጽሔት ገጽ ነበረ። ሆዱ ተሰንጥቆ የሚታይ ትልቅ የባሕር መርከብ። የተጻፈውን ማንበብ አልችልም። ሰዎቹን ግን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ምግብ የሚያበስለውን፣ መሰላል የሚወጣውን፣ ከታች ከሰል የሚጨምረውን። አያቴ «አንተ ልጅ፣ ምን ጠፍቶህ ነው ግድግዳ ላይ እንዲህ ያፈጠጥከው?» ትለኝ ነበር። ባሕር አይቼ አላውቅም። መርከቡ ውስጥ ግን ኖሬያለሁ። ስለዚህ ሰው መጽሔት ላይ ያየውን ቦታ «በእርግጥ አልሄደም» ሲሉ ስሰማ አልስማማም። ገጽ ላይ በቂ ዝርዝር ካለ ሰው ይገባበታል። ቦታ ይይዛል። ይኖርበታል።

አሁን የማይመቸውን ነገር ማንሳት አለብኝ። የዚህ ሁሉ ገጽ ዋና ጸሐፊ ፎን ብራውን ነው። ኮሊየርስ የሚያሳየን መልከ ቀና፣ ንግግር አዋቂ የሮኬት ሊቅ ነው። ሰውየው ግን የናዚ ፓርቲ አባል ነበር፤ ኤስኤስ የሚባለው የናዚ ታጣቂ ኃይል መኮንንም ነበር። ለሂትለር የሠራው ቪ-2 ሮኬት ለንደንና አንትወርፕን ደብድቧል። ሮኬቱ የሚገጣጠመው ሚተልባው ዶራ በሚባል ካምፕ ሥር፣ ተራራ ውስጥ በተቆፈረ ዋሻ ነው፤ የሚገጣጥሙትም የማጎሪያ እስረኞች ናቸው። በዚያ ካምፕ ሥርዓት ወደ 60,000 ሰው አልፏል። ወደ 20,000 የሚሆኑት አልተመለሱም። የጠፈር ጣቢያውን የመታጠቢያ ውሃ ሳይቀር የሚያሰላው መጽሔት ስለነዚህ ሰዎች ዝም ብሏል። አጠገቡ ደግሞ ቪሊ ሌይ አለ። ሁለቱ በወጣትነታቸው የአንድ የጀርመን ሮኬት ማኅበር አባላት ነበሩ። ሌይ በ1935 ናዚን ሸሽቶ አገሩን ለቀቀ። ፎን ብራውን ቀረ። ከ17 ዓመት በኋላ የሁለቱም ስም በአንድ መጽሔት፣ በአንድ ዓምድ ሥር ታተመ። ሥዕሎቹን እየወደድኩ፣ እነዚያን ገጾች በገለጥኩ ቁጥር ዋሻው ትዝ ይለኛል። አንዱ ሌላውን አይሰርዝልኝም።

ዓምዱ በ1952 እና በ1954 መካከል በ8 እትሞች ወጣ። የኦክቶበር 1952ዎቹ ሁለት እትሞች ስለ ጨረቃ ናቸው። የኤፕሪል 30፣ 1954ቱ ስለ ማርስ ነው። በዚያው ዓመት ዋልት ዲዝኒ ለሚገነባው ፓርክ ገንዘብ ለማግኘት ከኤቢሲ ጋር የቴሌቪዥን ፕሮግራም ተዋውሏል። ፕሮግራሙ እንደ ፓርኩ በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው፤ አንዱ ክፍል የነገው ዓለም ነበር፣ ቱሞሮውላንድ። ለዚህ ክፍል ምን እንደሚሞሉበት ግራ ገባቸው። ሥራው የተሰጠው ዋርድ ኪምቦል ለሚባለው አኒሜተር ነው። ኪምቦል የኮሊየርስን ገጾች አንብቦ ነበር። ለዲዝኒም ከባድ ሰዎች ይህን ነገር የምር አድርገው ይዘውታል አለው። ሌይን ጠሩ፤ የፊዚክስ ሊቁን ሃይንዝ ሃበርንና ፎን ብራውንን አስከተሉ። ማርች 9፣ 1955 የመጀመሪያው ዝግጅት ተላለፈ። የመጽሔቱ ገጽ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅም አወጣ።

ጁላይ 17 ፓርኩ ተከፈተ። ቱሞሮውላንድ ግን ገና አላለቀም ነበር። ገንዘቡ ተሟጦ ስለነበር ባዶውን ቦታ በፊኛና በባንዲራ ሸፈኑት። የጨረቃው ጉዞ ሥራ የጀመረው ከ5 ቀን በኋላ፣ ጁላይ 22 ነው። ልክ በሳምንቱ ጁላይ 29 ቀን ዋይት ሐውስ አሜሪካ ሳተላይት ልታመጥቅ ማቀዷን አስታወቀ። አንድ ሕፃን በወሩ መጨረሻ ከመዝናኛው ቢወጣ፣ አባቱ የያዘው ጋዜጣ ላይ ተመሳሳይ ነገር እንደ ዜና ያገኝ ነበር ማለት ነው።

ከደጅ የሚታየው ሙንላይነር የተባለው ሮኬት ነው። ከ20 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ነጭ፣ ሹል፣ በሦስት እግሩ የቆመ። የዲዝኒው ሠዓሊ ጆን ሄንች ነው የነደፈው። ጎኑ ላይ በቀይ የተጻፈውን ስም ሳይ ግን ደነገጥኩ። ቲደብሊውኤ ይላል፤ የአሜሪካ አየር መንገድ ነው። ይህን ስም በአገራችን ታላላቆቻችን በደንብ ያውቁታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 ሲቋቋም ስምምነቱ የተፈረመው ከዚሁ ኩባንያ ጋር ነው። ኤፕሪል 8፣ 1946 ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ካይሮ ለገባው የመጀመሪያ በረራ ያበቃን የነሱ እገዛ ነው። ሙንላይነሩ አናሃይም ላይ በቆመበት በ1955 የአየር መንገዳችን ማኔጅመንት በቲደብሊውኤ ሰዎች እጅ ነበር። እንግዲህ አንድ ኩባንያ በአንድ ዓመት በአንድ በኩል የእኛን አውሮፕላኖች ያበራል፣ በሌላ በኩል ለጨረቃ መንገደኛ ይጭናል። በሚያስተዋውቀው ሥራ ውስጥ ደብረ ማርቆስም ጨረቃም የመንገድ ጣቢያ ናቸው። የዚያን ዘመን አስተሳሰብ ከዚህ የበለጠ የሚያሳየኝ ነገር የለም። ጨረቃ ለነሱ ቀጣዩ ኤርፖርት ነበረች።

ውስጡ ቀላል ነው። ክብ አዳራሽ፤ ወንበሮቹ በቀለበት በቀለበት ተደርድረዋል። አንድ ስክሪን ጣሪያው ላይ፣ አንድ ስክሪን ወለሉ ላይ። ስትነሱ ወደታች ምድርን ታያላችሁ፣ ስትርቅ ስትርቅ ታንሳለች። ቀና ስትሉ ጨረቃ ትቀርባለች። ጨረቃ ላይ አይወረድም። ተዞራ ይመለሳል። እኔ ይህን አለመውረድ እወድላቸዋለሁ። ሊያወርዷቸው ይችሉ ነበር፤ በካርቶን ጉድጓድና በአሸዋ መሥራት ምን ይከብዳል? እነሱ ግን ከኮሊየርስ የወረሱትን ጥንቃቄ ጠበቁ። መጀመሪያ ዞሮ ማየት፣ ከዚያ መውረድ። አፖሎ 8 በዲሴምበር 1968 ያደረገውም ይህንኑ ነው።

ከዚህ በፊትም ወደ ጨረቃ የወሰደ መዝናኛ ነበር። በ1901 ቡፋሎ ውስጥ በተደረገው ኤግዚቢሽን ፍሬድሪክ ቶምሰን የሚባል ሰው ክንፏን በምታርገበግብ «ሉና» በምትባል መርከብ ሰዎችን ወደ ጨረቃ «ይወስድ» ነበር። ሌላው መዝናኛ 25 ሳንቲም ሲያስከፍል የሱ 50 ነበር። ጨረቃ ላይ ድንክ የጨረቃ ሰዎች ይቀበሏችኋል፣ አይብ ያቀርቡላችኋል። በኋላ መርከቧን ኒው ዮርክ፣ ኮኒ አይላንድ አምጥቶ በ1903 ሉና ፓርክን ከፈተ። በ1908 ኤቭሪባዲስ በሚባል መጽሔት ላይ የሙያውን ምሥጢር ራሱ ጻፈው። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ትልልቅ ሰዎች ቁመት የጨመሩ ልጆች ናቸው፣ ስለዚህ እንደ ልጅ አጫውታቸው የሚል ነው። ጽሑፉ ይነበባል፤ ሰውየው ሥራውን ያውቃል። ኮሊየርስን አንብቤ ወደሱ ስመለስ ግን ልዩነቱ ይታየኛል። ቶምሰን ትልቁን ሰው ልጅ ያደርገዋል። ራያንና ፍሪማን ልጁንም ሳይቀር እንደ ትልቅ ሰው ያዋሩታል። እንካ ክብደቱን፣ እንካ ርቀቱን፣ ራስህ አስላ። እኔ የሁለተኛው ወገን ነኝ። አያቴ ግድግዳ ላይ የነበረው መርከብ ለልጅ ተብሎ የተሣለ አልነበረም፤ የያዘኝም ለዚያ ነው።

ኮሊየርስ የጻፈውን ሳያይ ሞተ። የመጨረሻው እትም ቀን ጃንዋሪ 4፣ 1957 ይላል። የመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክ የመጠቀችው በዚያው ዓመት ኦክቶበር 4 ነው። ልክ ዘጠኝ ወር። መዝናኛው የተሻለ ዕድሜ አግኝቶ እስከ 1966 ቆየ። በ1967 ታድሶ በአዲስ ስም ተከፈተ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሰው በእርግጥ ጨረቃ ላይ ወረደ። ከዚያ በኋላ ማን ወረፋ ይዞ ጨረቃን ያያል? ቴሌቪዥኑ አሳይቶታል። በ1975 መድረሻውን ወደ ማርስ ቀየሩት። በ1992 ተዘጋ። አሁን እዚያ ቦታ ላይ ፒዛ ይበላል።

መጽሔቱ ያሰበውና የሆነው ሲተያይ ይገርማል። ኮሊየርስ በሦስት መንኮራኩር 50 ሰው ሄዶ ስድስት ሳምንት ይቀመጣል ብሎ ነበር። መጀመሪያ ጨረቃ ላይ በወረደው በአፖሎ 11 የሄዱት ሦስት ናቸው፤ የወረዱት ሁለት፤ ጨረቃ ላይ የቆዩት አንድ ቀን እንኳ አይሞላም። በጊዜው ግን ቀደሙት። መጽሔቱ 25 ዓመት ነበር ያለው፤ 17 ዓመት ነው የፈጀው። ቪሊ ሌይ ይህን አላየም። ዕድሜውን ሙሉ ሲጽፍበት፣ ሲከራከርለት፣ ሰው ሲሰበስብለት ኖሮ ጁን 24፣ 1969 ሞተ። አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ የወረደው ጁላይ 20 ነው። ስለ እሱ ባነበብኩ ቁጥር ያ የቀረው ጊዜ ያንገበግበኛል። ፎን ብራውን አየ፣ ተጨበጨበለት። ናዚን ሸሽቶ የወጣው ሌይ ሳያይ ቀረ።

ቦንስቴል ግን ረጅም ዕድሜ ኖረ። የ1955ቱ ቱሞሮውላንድ «የነገው ዓለም» ብሎ የሚያሳየው 1986ን ነበር። ቦንስቴል ያረፈው በዚያው በ1986፣ በ98 ዓመቱ ነው።

እነዚህ እትሞች ስካን ተደርገው ኢንተርኔት ላይ ይገኛሉ። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ከሌላችሁ ከማርስ አትጀምሩ። የኦክቶበር 18፣ 1952ቱን ክፈቱ፤ መንኮራኩሮቹ የሚነሱበት ነው። መጀመሪያ ሥዕሎቹን ብቻ እዩ፣ ሰዎቹን ቁጠሩ፣ ማን ምን እንደሚሠራ ገምቱ። ከዚያ በሥዕሎቹ ሥር ያሉትን ትንንሽ ጽሑፎች አንብቡ። ቀጥሎ የኦክቶበር 25ቱን። እዚያ ላይ ከሦስቱ አንዱ መንኮራኩር የማይመለስ ነው፤ የጭነት ክፍሉ ተፈትቶ ለ50ዎቹ ሰዎች መኖሪያ ይሆናል። ያንን ክፍል በጥንቃቄ አንብቡት፤ ከዓምዱ ሁሉ እኔ የምወደው እሱን ነው።